የሞዴል ኪት ፕላስቲክ ለምን ግራጫ ይሆናል? ባለቀለሙስ ምን ችግር አለው?

የሞዴል ኪት ሳጥንና ውስጡ ያለው ነገር አይተዋወቁም። ሳጥኑ ላይ አረንጓዴና ቡናማ የተቀባ ስፒትፋየር የተባለ የጦር አውሮፕላን በደመና መሃል ይምዘገዘጋል። ክዳኑን ስታነሱት ግን ግራጫ ፕላስቲክ ነው። ክንፉ ግራጫ፣ ጎማው ግራጫ፣ አብራሪው ሳይቀር ግራጫ። ጀማሪን ትንሽ ያበሽቃል። ፋብሪካው ቀለሙን እዚያው ፕላስቲኩ ውስጥ ቢጨምረው ምን ነበረበት?

የጨመሩ አሉ። ቀይ ፌራሪ በቀይ ፕላስቲክ፣ ታንክ በወታደር አረንጓዴ፣ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በብርማ ፕላስቲክ ተሠርቶ ይሸጣል። ታዲያ የቆዩ ሞዴል ሠሪዎችን ስለ እነዚህ ብትጠይቁ ብዙዎቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። "ይሰበራል፣ ይጣመማል፣ ቀለም አይቀበልም" ይሏችኋል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የሌላ ጥፋት በቀለሙ የተላከከ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ ሞዴል ኪት ማለት አውሮፕላን፣ መኪና፣ መርከብ ወይም ሮቦት በትንሹ ተሠርቶ፣ ተበታትኖ በሳጥን የሚሸጥ ነው። ክፍሎቹ በቀጭን የፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደተያያዙ ይመጣሉ። ቆርጣችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ፣ በሙጫ አጣብቃችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ ትጨርሱታላችሁ። ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ አባቶች ለልጃቸው ብለው ገዝተው ራሳቸው ይዘውት ያመሻሉ። በዕድሜ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ አዋቂዎች ናቸው።

መጀመሪያ ፕላስቲኩ

አብዛኛው ኪት የሚሠራው ከፖሊስታይሪን ነው። ፖሊስታይሪን ምንም ሳይጨመርበት እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። እንደ ብርጭቆም ተሰባሪ ነው። የአውሮፕላኑ መስኮትና የአብራሪው ክዳን የሚሠሩት ከዚህ ንጹህ ዓይነት ነው። ከፍሬም ላይ ስትቆርጡት ቋ ብሎ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ለሌላው ክፍል ጥንካሬ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፖሊቡታዳይን የሚባል ጎማ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ይቀላቀልበታል። ስንጥቅ ሲጀምር ጠብታዎቹ ጉልበቱን ይውጡታል። ያን ጊዜ ፕላስቲኩ መጥራቱን ትቶ ወተት ይመስላል። የአብዛኛው ኪት መነሻ ይሄ ወተት መሳይ ፕላስቲክ ነው። ግራጫውም ቀዩም ከዚህ ይነሳሉ።

ቀለሙ የሚገባው ማስተርባች በሚባል ፍሬ ነው። ይህ የቀለም ዱቄት አስቀድሞ በብዛት የታጨቀበት ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካው ከጥሬው ፕላስቲክ ጋር በጥቂቱ ያዋህደዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 1 እስከ 4 እጅ ቢሆን ነው። ከዚያ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ይረጫል። ሞልዱ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይረጫል።

እንግዲህ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ብቻ የሆነ ነገር የቀሪውን 97 እጅ ጠባይ ምን ያህል ይለውጣል? መልሱ በቀለሙ ዓይነት ይወሰናል። አንዳንዱ ምንም አይለውጥም። አንዳንዱ ደግሞ ጉድ ይሠራችኋል።

ግራጫው ለምን ተመረጠ

ግራጫ የሚሠራው ከሁለት ነገር ነው። አንዱ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። የግድግዳ ቀለምና የጥርስ ሳሙና ውስጥም አለ። ሌላው ካርቦን ብላክ ነው፤ የመኪና ጎማን የሚያጠቁረው ጥላሸት። ሁለቱም በሙቀት አይበላሹም። ቲነር አያሟሟቸውም። በጣም ደቃቅ ስለሆኑ ፕላስቲኩ ውስጥ በእኩል ይበተናሉ። ብርሃንንም በደንብ ይከልላሉ። ከቀለም ዱቄቶች ሁሉ እንደነሱ ጨዋ የለም።

ሌላው ምክንያት ዓይናችን ነው። የሞዴል ውበት ያለው ፀጉር በሚያካክሉ መስመሮች ላይ ነው። የቆርቆሮው መገጣጠሚያ፣ የሪቬቱ (ቆርቆሮውን የሚያያይዘው ምስማር) ነጥብ፣ የበሩ ጠርዝ። እነዚህን የምናያቸው በጥላቸው ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ጥላው አይታይም፤ ሁሉም ጥቁር ነው። ነጭ ላይም ችግር አለ። ብርሃኑ ወደ ፕላስቲኩ ትንሽ ይገባና ወደ ጎን ተበትኖ ይወጣል። ጥላውን ራሱ ያደበዝዘዋል። ፈካ ያለ ግራጫ መሃል ላይ ነው። ጥላም ያሳያል፣ ጭረትም ያሳያል፣ የሙጫ ፍሳሽም ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። አንዱን ኪት በግራጫና በነጭ አይተው "የነጩ ሞልድ አርጅቷል፣ ዝርዝሩ ደብዝዟል" የሚሉ አሉ። ሞልዱ ያው ነው። ነጩን በግራጫ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት በሚነፋ መነሻ ቀለም) ስስ አድርጋችሁ ብትነፉት ጠፋ የተባለው ሪቬት ሁሉ ብቅ ይላል። ስለዚህ ባለቀለም ኪት ላይ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ክፍል ፕራይመር ነፍታችሁ እዩ። በምስል ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ነጭና ጥቁር ፕላስቲክ በካሜራ ደግሞ ይብሳል።

"ባለቀለም ፕላስቲክ ይጣመማል" የሚባለው

ይሄ ወሬ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ፕላስቲክ ፋብሪካ የሠራ ሰው ያውቀዋል። የጀሪካን ክዳንና የለስላሳ ሳጥን የሚሠሩበት ፖሊኤቲሊን ላይ አንዳንድ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሞች በርግጥም መጣመም ያመጣሉ። ፕታሎሳያኒን የሚባሉት ናቸው። ፖሊኤቲሊን ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ክሪስታል ይሠራል። የቀለሙ ቅንጣቶች ለክሪስታሉ መነሻ ይሆናሉ። ያኔ የመጨማተሩ መጠን ይለወጣል። ቀይ ክዳን የገጠመበት ሞልድ ሰማያዊ ክዳን ሲያወጣ አልገጥም ሊል ይችላል።

ፖሊስታይሪን ግን ክሪስታል አይሠራም። ቀይ ሆነ ግራጫ ሲቀዘቅዝ የሚጨማተረው በግምት ከመቶ ግማሽ እጅ ነው። የ10 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል ማለት ነው፤ ሞልዱ ሲቀረጽ ይሄ ታስቦበታል። የተጣመመ ክንፍ ካጋጠማችሁ ሳይቀዘቅዝ ከሞልድ ወጥቶ፣ ተጭኖ ታሽጎ ወይም ሙቀት አግኝቶት ይሆናል። ቀለሙን አትውቀሱት።

የፕላስቲኩ ዓይነት ከቀለሙ የበለጠ እንደሚወስን ለማየት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1936 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ፔንግዊን በሚል ስም የፕላስቲክ ኪቶች ማውጣት ጀመረ። በዘርፉ ከቀደሙት ናቸው። የተሠሩት ግን ከሴሉሎስ አሲቴት ነበር። ይህ ፕላስቲክ እያደር ይጣመማል። ዛሬ ሰብሳቢዎች እጅ ያሉት ብዙዎቹ ክንፋቸው ተጎብጧል። ፖሊስታይሪን ሲመጣ ይህ ችግር በአብዛኛው ተረሳ።

ጥቁር ፕላስቲክ ይሰበራል የሚለውም እንዲሁ ነው። ካርቦን ብላክ ራሱ በዚያች መጠን አያደክመውም። ችግሩ ጥቁር ሁሉን መደበቁ ነው። ፋብሪካዎች የተረፈውን ፍሬምና የተበላሸውን ክፍል ፈጭተው መልሰው ያቀልጣሉ። በልክ ሲሆን ነውር የለውም። ግን ፕላስቲክ በቀለጠ ቁጥር ረጃጅም ሞለኪውሎቹ ይቆራረጣሉ። ፈካ ባለ ግራጫ ውስጥ ብዙ ድጋሚ የቀለጠ ፕላስቲክ ብትጨምሩ ነጠብጣቡና ቢጫ መልኩ ያጋልጣችኋል። በጥቁር ወይም በጠቆረ አረንጓዴ ውስጥ ማንም አያውቅባችሁም። ስለዚህ ርካሽ አሻንጉሊት ላይ ጥቁሩ ክፍል ቀድሞ ሲሰበር ብታዩ ቀለሙ ጭምብል ነው።

ብርማና ወርቃማ፦ እዚህ ወቀሳው ልክ ነው

የቆዩ ኪቶች ላይ ብርማ ፕላስቲክ የተለመደ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አካባቢ ብዙ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቀለም ሳይቀቡ በአልሙኒየም ቆዳቸው ይበሩ ነበር። ፋብሪካው ፕላስቲኩን ብርማ ቢያደርገው ልጁ መቀባት ሳያስፈልገው ይጫወትበታል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም።

ብርማ መልክ የሚመጣው ግን ከደቃቅ የአልሙኒየም ቅርፊት ነው። እንደሌላው የቀለም ዱቄት ክብ አይደለም፤ ጠፍጣፋ ነው። የቀለጠው ፕላስቲክ ሞልዱ ውስጥ ሲፈስ ቅርፊቶቹ ወደ ፍሰቱ ይዞራሉ። ፕላስቲኩ አንድ ቀዳዳ ዞሮ እንደገና ሲገናኝ ግን በመገናኛው መስመር ላይ ቅርፊቶቹ በሌላ አቅጣጫ ይቆማሉ። እዚያ ጥቁር ሰረዝ ይታያል። ክንፉ ላይ እንደ ጭስ የሚጠማዘዝ መስመር ያያችሁ ከሆነ ይሄው ነው። ሲነካ ለስላሳ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ብትፈጉት አይለቅም። ውስጡ ድረስ ነውና።

የፍሰቱ መገናኛ መስመር በማንኛውም ፕላስቲክ ላይ ደከም ያለ ቦታ ነው። የብረት ቅርፊት ሲጨመርበት ይብሳል። ቅርፊቱ ከፕላስቲኩ ጋር አይዋሃድም። እያንዳንዷ ቅርፊት የስንጥቅ መነሻ ልትሆን ትችላለች። በአሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ዘንድ "የወርቃማ ፕላስቲክ በሽታ" የሚባል ነገር አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ የትራንስፎርመርስ አሻንጉሊቶች (ሲገለባበጡ ከሮቦት ወደ መኪና የሚለወጡት) ወርቃማ ክፍላቸው ሳይነካ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሲያዞሩት እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረካከሳል። ሁሉም ወርቃማ ፕላስቲክ እንዲህ አይሆንም። ግን የሚሽከረከር ወይም የሚታጠፍ ክፍል በወርቃማ ፕላስቲክ ከተሠራ እኔ ብሆን አልደፍረውም።

ብርማ ኪት ስትሠሩ ሌላም ነገር አለ። የሁለቱን ግማሽ መጋጠሚያ በስቱኮ ሞልታችሁ ስትፈጉት ቦታው ከሌላው ብርማነት ይለያል። በምንም አይመለስም። ስለዚህ "መቀባት አያስፈልገውም" የተባለው ኪት፣ መጋጠሚያውን ማጥፋት የሚፈልግ ሰው እጅ ሲገባ ከሁሉም የበለጠ መቀባት የሚያስፈልገው ይሆናል።

እንደ መስታወት የሚያብለጨልጩት የመኪና ኪት ክፍሎች ሌላ ናቸው። እነሱ ከወጡ በኋላ በቫኪዩም ውስጥ ስስ ብረት የተለበጡ ናቸው። የፕላስቲክ ሙጫ የሚሠራው ፕላስቲኩን አቅልጦ ስለሆነ ልባጡ ላይ አይዝም። በካተር ፋቅ አድርጉት። ሙሉውን ማስለቀቅ ከፈለጋችሁ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ ይበቃል፤ በረኪናውን ግን ከሌላ ኬሚካል ጋር እንዳታደባልቁ።

ቀዩ ለምን "ይደማል"?

የመኪና ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በጣም የሚፈሩት ቀይ ፕላስቲክን ነው። ቀዩን ቦዲ ነጭ ትቀቡታላችሁ። ማታ ነጭ ነበር። ጠዋት ሮዝ ሆኖ ትደርሱበታላችሁ። ደግማችሁ ነጭ ትቀባላችሁ፤ ደግሞ ሮዝ ይሆናል።

ማቅለሚያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ደቃቅ አሸዋ ፕላስቲኩ ውስጥ ተበትኖ የሚቀመጥ፣ የማይሟሟ ዱቄት ነው። ሌላው ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ስኳር የሚሟሟ ነው። የሚሟሟው ዓይነት ደማቅና የሚያምር ቀይ ይሰጣል። ችግሩ የቀለም ቲነር ውስጥም ይሟሟል። ስፕሬይ ስትነፉ ቲነሩ የፕላስቲኩን ፊት በትንሹ ያለሰልሰዋል። ቀዩ ተሟሙቶ ወደ ላይ ይወጣና ከነጩ ጋር ይደባለቃል። ወፍራም አድርጋችሁ በነፋችሁ ቁጥር ተጨማሪ ቲነር ታጠጡታላችሁ፤ እሱም ተጨማሪ ቀይ ያወጣል። ለዚያ ነው መደጋገሙ መፍትሔ የማይሆነው።

ሁሉም ቀይ ፕላስቲክ እንዲህ አይደለም። በተለይ የቆዩ የአሜሪካ መኪና ኪቶች በዚህ ይታማሉ። አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ ቀላል ነው። ባዶውን ፍሬም፣ የምትጥሉትን፣ በዚያው ልትጠቀሙ ባሰባችሁት ነጭ ቀቡትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ሮዝ ከሆነ መከለያ ያስፈልጋችኋል። ሞዴል ሠሪዎች የሚወዱት መከለያ ብርማ ቀለም ነው። ቅድም ፕላስቲኩ ውስጥ ሲገባ የወቀስነው የአልሙኒየም ቅርፊት፣ ላዩ ላይ ሲቀባ ባለውለታ ይሆናል። እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይተኛና ቀዩን መንገድ ይዘጋበታል። በጣም ስስ ስስ አድርጋችሁ ንፉ፣ በየመሃሉ አድርቁ፣ ከዚያ ነጩን ቀቡ። ውሃ ነክ አክሪሊክም ከጠንካራ ቲነር የተሻለ ነው፤ ፕላስቲኩን አያለሰልሰውም።

ምርጫ ካላችሁ ግን ያንኑ መኪና በነጭ ወይም በግራጫ ፕላስቲክ ፈልጉ። ቀይ ልትቀቡት ያሰባችሁ ቢሆን እንኳ።

ነጭ፣ ቢጫ፣ እና የሚያሳልፍ ነገር ሁሉ

ነጭ ፕላስቲክ ቀጭን ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ውስጡ አምፖል የምታስገቡ ከሆነ የሮቦቱ ደረት በሙሉ እንደ ፋኖስ ይበራል። ከውስጥ በኩል ጥቁር ወይም ብርማ መቀባት ይበቃዋል። ቢጫም ያው ነው፤ ቢጫ ማቅለሚያዎች በጥቅሉ የመከለል አቅማቸው ደካማ ነው።

ይህ ማሳለፍ ለሌላ ነገርም መልስ ይሰጣል። ያልተቀባ ባለቀለም ፕላስቲክ ለምን አሻንጉሊት ይመስላል? ቀለሙ ልክ ቢሆንም ያው ነው። ብርሃኑ ገባ ብሎ ተበትኖ ስለሚወጣ ክፍሉ ከውስጥ የሚያበራ ይመስላል። እውነተኛ ብረት እንዲህ አያደርግም። ብርሃኑ ቀለሙ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ደብዛዛ ቫርኒሽ ብትነፉበት ነጸብራቁን ስለሚበትነው ግማሹ አሻንጉሊትነት ይጠፋል። ለመቀባት ጊዜ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ወደ ተቀባው ስንመጣ ደግሞ፣ ቀጭን ቀለም ማለት ነጭ ሸሚዝ ማለት ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ካኒተራ ከለበሳችሁ ያሳብቅባችኋል። አንድ ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቦይንግ 787 ልሥራ ቢል ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። አየር መንገዱ ይህን አውሮፕላን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበ ነው፤ የሩሲያው ዝቬዝዳም 787ን በ1/144 መጠን (ከእውነተኛው 144 ጊዜ አሳንሶ) ያመርታል። አካሉ ነጭ ነው። ጭራው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለ። ቢጫውን በቀጥታ ግራጫ ላይ ብትቀቡት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ የታመመ ቢጫ ይወጣችኋል። አምስቴ ብትደጋግሙት ቀለሙ ይወፍራል እንጂ አይስተካከልም። መጀመሪያ ጭራውን በሙሉ ነጭ አድርጉት። ከነጩ ላይ ፈካ ያለ ሮዝ ብትጨምሩ ቢጫው ይበልጥ ይሞቃል፤ ለቀዩም ይስማማዋል። ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ በመጨረሻ አረንጓዴ። ከፈካው ወደ ጠቆረው ነው የሚኬደው።

ማችቦክስና ባንዳይ፦ አንድ ሐሳብ፣ ሁለት ዕጣ

ቀለምን ፕላስቲኩ ውስጥ ለመጨረስ የተሞከሩ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎችን ማነጻጸር ደስ ይላል።

ማችቦክስ የሚባሉትን ትንንሽ መኪናዎች የሚሠራው የለንደኑ ሌስኒ በ1973 አካባቢ ወደ ኪት ገበያ ገባ። ከሌላው የሚለይበት ነገር አንድ ሳጥን ውስጥ 2 ወይም 3 የተለያየ ቀለም ያለው ፕላስቲክ መጨመሩ ነበር። ትንሿ የ1/72 አውሮፕላን እንኳ አንዱ ፍሬሟ አረንጓዴ፣ ሌላው ቡናማ ትሆናለች። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስትታይ ታማልላለች።

ግን ካሙፍላዥን፣ ከጠላት ዓይን ለመሰወር የሚቀባውን ዥጉርጉር ቀለም፣ አስቡት። አረንጓዴውና ቡናማው አንድ ክንፍ ላይ እየተጥመለመሉ ይሄዳሉ። ክንፉ ደግሞ አንድ ክፍል ነው። አንድ ክፍል አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ፕላስቲኩ እውነተኛውን መልክ ሊሰጥ አይችልም። ልጁ ሳይቀባ ከተወው ግራ የተጋባ አውሮፕላን ይኖረዋል። ልቀባ ካለ ደግሞ ሥራው ይብሳል፤ ያው አንድ አረንጓዴ ቀለም በአረንጓዴው፣ በቡናማውና በሦስተኛው ፕላስቲክ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ሁሉንም በግራጫ ፕራይመር ማስተካከል አለበት። ፋብሪካው ከመነሻው ግራጫ ቢያደርገው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ኪቶቹ የሚወዷቸው ሰዎች አሏቸው፤ ሌላ ድርጅት ያልሠራቸውን አውሮፕላኖች ሠርተዋልና። ቀለማቸውን ግን ብዙም የሚያወድስ አላየሁም።

ጃፓን ውስጥ ባንዳይ የተባለው ድርጅት በ1980 ጋንዳም የተባለውን የካርቱን ፊልም ሮቦት ኪት በ300 የን መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ሙጫም ቀለምም ይፈልግ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ባለብዙ ቀለም ፕላስቲክ ላይ ገፉበት። በ1990 የወጣው ሃይ ግሬድ የተባለው ጋንዳም ላይ አንዱ ፍሬም ብቻውን ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ይዞ መጣ። አራት የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ አንድ ሞልድ በየራሱ መንገድ ይገባል ማለት ነው።

ለምን ባንዳይ ተሳካለት? ሮቦት ካሙፍላዥ የለውም። ቀለሙ በቁራጭ በቁራጭ የተከፈለ ነው። ደረቱ ሰማያዊ፣ ሆዱ ቀይ፣ ክንዱ ነጭ። ንድፉን የሚያወጣው ሰው ክፍሎቹን ቀለሙ በሚለያይበት ጠርዝ ላይ መቁረጥ ይችላል። መጋጠሚያውም እዚያው ጠርዝ ላይ ይደበቃል። የክፍሎቹ ቁጥር ይበዛል፣ ሞልዱ ይወደዳል፣ ግን ሳይቀባ የሚያምር ነገር ይወጣል። ያለ ሙጫ ተጫን ተጫን ተደርጎ ስለሚገጠምም የሞልዱ ልኬት ከተለመደው ኪት ይበልጥ ትክክል መሆን አለበት። ስለዚህ እዚህ ቀለሙ ጥራትን ከፍ አደረገ ብል ማጋነን አይመስለኝም። ፋብሪካውን እንዲጠነቀቅ አስገደደው።

ሆኖም ያልተቀባ ባለቀለም ፕላስቲክ የራሱ ድክመት አለው። ክፍሉን ከፍሬሙ ስትቆርጡት በጠቆረ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጠባሳ ይቀራል። ፕላስቲኩ ሲለጠጥ ውስጡ በዓይን የማይታዩ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ ብርሃን የሚበትኑት እነሱ ናቸው። ቀለም የሚቀባ ሰው አይጨነቅበትም። ያልቀባ ግን በፒንሳ ከክፍሉ ራቅ አድርጎ መጀመሪያ መቁረጥ፣ ከዚያ የቀረውን በካተር ስስ ስስ አድርጎ መላጨት አለበት።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ብዙ ሰው ሮቦቱን ሳይቀባ ይገጥምና መስመሮቹን ለማጉላት በቲነር የቀጠነ ጥቁር ቀለም ያፈስባቸዋል። የኤናሜል (ዘይት ነክ ቀለም) ቲነር ወይም የላይተር ፈሳሽ ነዳጅ ባዶ ፕላስቲክ ውስጥ ይሰርጋል። ተጨንቆ የተገጠመ ክፍል፣ በተለይ ኤቢኤስ ከሚባለው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራው፣ እዚያው ይሰነጠቃል። አንዳንዴ እያያችሁት። ከሥር ቫርኒሽ መንፋት፣ ወይም ክፍሎቹን ሳትገጥሙ በፊት መሥራት፣ ወይም የመስመር መሳያ እስክሪብቶ መጠቀም ያድናል። የተቀባ ሞዴል በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ቀለሙ ራሱ ጋሻ ይሆነዋል።

ዓመታት ሲያልፉ

ባለቀለም ፕላስቲክ ሲያረጅ ሁሉም እኩል አይደለም። ነጩ በፀሐይ ብርሃን ቢጫ ይላል፤ ያ ጥንካሬ ይሰጥ የነበረው ጎማ አየርና ብርሃን ቀድመው የሚያጠቁት ክፍል ነው። ደማቅ ቀይና አንዳንድ ቢጫ ይገረጣሉ። ጥቁሩ፣ ያ ሁሉ ሲታማ የነበረው፣ ከሁሉም ይሻላል። ካርቦን ብላክ ጎጂውን የፀሐይ ጨረር ይውጠዋልና። ከቤት ውጭ የሚዘረጉ የውሃ ቱቦዎች ብዙውን ጊዜ ጥቁር የሚሆኑት ለዚሁ ነው።

ሙቀት ላይ ግን ጥቁር ይሸነፋል። ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ጎማ የተቀላቀለበት ደግሞ ከዚያም በታች መጎበጥ ይጀምራል። ፀሐይ ላይ በተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ወይም ከመስኮት መስታወት ጀርባ ጥቁር ክፍል ከነጩ በብዙ ይበልጥ ይሞቃል። ሪያድ ወይም ዱባይ ያላችሁ ኪት ገዝታችሁ መኪና ውስጥ ትታችሁ ወደ ሥራ አትግቡ።

አሮጌ ኪት ከሰው ስትገዙ እንግዲህ የፕላስቲኩን ቀለም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ የፍሬሞቹን ፎቶ ይላክላችሁ። ብርማ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ለመቀባት ተዘጋጁ። ቀይ ከሆነ መከለያ ቀለም አብራችሁ ግዙ። ነጭ ከሆነ ዝርዝሩ ደብዛዛ ቢመስላችሁም አትሽሹት። አንዱ ኪት በተለያየ ዓመት በተለያየ ቀለም ሊወጣ ስለሚችል፣ ትንሽ ብትታገሡ ያው ሞልድ በግራጫ የወጣበትን ታገኙት ይሆናል።